መሬቴ ላይ ማዕቀብ ጣልክበት፦ ስለ ዕቀባ እርሻና ስለ ምርት ወልድያ ላይ የተናገርኩት

እንደምን አደራችሁ!

ኧረ ድምፅ! እንደምን አደራችሁ!

አሁን ጥሩ። እግዚአብሔር ይመስገን ያላችሁም አልሐምዱሊላህ ያላችሁም፣ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ወሎ ነን። ከቆቦ፣ ከሀብሩ፣ ከጉባላፍቶ የመጣችሁ አርሶ አደሮች እንኳን ደህና መጣችሁ። እናንተ ከኋላ በር አጠገብ የተደረደራችሁ ዲኤዎች፣ የግብርና ልማት ሠራተኞቻችን ደግሞ፣ ለምን በሩን እንደመረጣችሁት አውቃለሁ፣ እኔም ዲኤ ነበርኩ። ሻዩ ቀዝቅዞ መምጣቱ የኔ ጥፋት አይደለም። አርባ ደቂቃ ተሰጥቶኛል፣ በሠላሳ ልጨርስ እሞክራለሁ። ቃል ግን አልገባም።

ጠዋት ስገባ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት አባት እጄን ያዙኝና «ስማ ልጄ፣ ይሄ ዕቀባ እርሻ የምትሉት ነገር ምርት ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብኝ፣ በአንድ ቃል ንገረኝ» አሉኝ።

አባባ፣ በአንድ ቃል አልችልም። በሁለት ቃል ግን እችላለሁ። እንደ ዓመቱ! ደግ ዓመት ከሆነ ብዙ ለውጥ ላያዩ ይችላሉ፣ እንዲያውም መጀመሪያ ሰሞን ሊቀንስብዎት ይችላል። ዝናቡ ያጠረ፣ መሀል ላይ የተቋረጠ ዓመት ከሆነ ግን ያኔ ይለያል። ዛሬ የምለው ይሄንኑ ነው። ሌላው ማብራሪያ ነው።

አስቀድሜ ስሙን ላጥራ። ዕቀባ እርሻ ሲባል ብዙ ሰው «አለማረስ» ብቻ ይመስለዋል። ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አፈሩን በተቻለ መጠን አለመነካካት። ሁለተኛ፣ መሬቱን አለማራቆት፣ ማለትም አገዳውን፣ ገለባውን ጉዝጓዝ አድርጎ መተው። ሦስተኛ፣ ሰብል ማፈራረቅ ወይም አሰባጥሮ መዝራት፣ ማሽላውን ከጥራጥሬ ጋር። ሦስቱን ያዙልኝ። ኋላ እንደምታዩት ጥፋቱ ሁሉ የሚመጣው አንዱን ይዘን ሁለቱን ስንጥል ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ለምንድን ነው የምናርሰው?

«አረም ለመግደል» አዎ። «ዝናብ እንዲጠጣ» ጥሩ። «ዘሩ እንዲበቅል» እሺ። ሌላስ? ማንም ያላነሳው አንድ አለ፦ ጎረቤት እንዳይስቅብን! እውነቴን ነው። ደጋግሞ ያላረሰ ሰው ሰነፍ ነው። «ሰነፍ ገበሬ ይሞታል በሰኔ» እየተባልን ነው ያደግነው። አባቴ ገመሳውን አጠናቆ፣ አይማውን ጨርሶ፣ አሁንም ጓሉ አልደቀቀም ብሎ ተመልሶ ሲገባበት አይቼ ነው ያደግኩት። ለጤፍማ አራት አምስት ጊዜ ነው። አባቴ ተሳስቶ አልነበረም። ማረሻችን አፈር አይገለብጥም፣ ይሰነጥቃል። በትልምና በትልም መካከል ያልተነካ መሬት ይቀራል። እሱን ለማግኘት በሚቀጥለው ጊዜ አቋርጦ ማረስ ግድ ነው። ታዲያ አንዱን አግድም፣ አንዱን አቋርጦ ሲታረስ አንደኛው ዙር የግድ ቁልቁል ይሆናል። ቁልቁል የታረሰ ትልም ደግሞ ምንድን ነው? ቦይ ነው። ለጎርፍ በገዛ እጃችን የቀደድንለት ቦይ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ላስቸግራችሁ። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር መሬት ላይ ሠላሳ ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ እንበል። አንድ ጥሩ የሐምሌ ዶፍ። ስንት ውሃ ነው? 75,000 ሊትር። በጀሪካን ልንገራችሁ፣ ባለ ሃያ ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን፣ 3,750 ጀሪካን! ሚስታችሁ፣ ልጃችሁ አንዷን ጀሪካን አዝላ ስንት ሰዓት ነው የምትሄደው? እና በአንድ ከሰዓት 3,750 ጀሪካን ውሃ ደጃችሁ ድረስ መጥቶ፣ ግማሹ ሰተት ብሎ ወደ ወንዝ ሲወርድ ቆመን እናያለን። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ዝናብ ጠፋ ብለን ሰማይ ሰማይ እናያለን።

ውሃው ደግሞ ባዶውን አይሄድም። ሃንስ ሁርኒ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ የኢትዮጵያን የአፈር መሸርሸር ለዓመታት ያጠና ሰው ነው። ከሚታረስ መሬታችን በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚሄድ ገምቷል። ወደ ጥማድ ስታመጡት 105 ኩንታል ነው። ከአንድ ጥማድ ስንት ኩንታል እህል ታወጣላችሁ? አትንገሩኝ፣ ግብር ሰብሳቢ አለ እዚህ። ብቻ አስቡት፣ አፈሩን ነው አብልጠን የምናመርተው፣ የምንልከውም በነፃ ነው።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ሃይላንዶች እዩልኝ። ሁለቱም ባለ ሁለት ሊትር ናቸው፣ በጎናቸው አጋድሜ ከላይ በቢላ ከፍቻቸዋለሁ። አፈሩ ከአንድ ማሳ ነው፣ ትናንት ማታ ከመንገድ ዳር ቆፍሬ ያመጣሁት። ልዩነታቸው ይሄኛው ባዶ ነው፣ ያኛው ላይ አንድ እፍኝ የማሽላ ገለባ በትኜበታለሁ። ና እስቲ አንተ ወጣት፣ ባለ ቀይ ሹራቡ። የዚህን የውሃ ጠርሙስ ክዳን በሚስማር በሳስቼዋለሁ፣ ከፍ አድርገህ ሁለቱም ላይ አርከፍክፍ። ቀስ በል፣ ዝናብ ነህ እንጂ ቦቴ አይደለህም!

እዩ ከአፋቸው ሥር ያሉትን ብርጭቆዎች። ከባዶው የወጣው ምን ይመስላል? ቡና! አተላ ሆኖ ነው የወጣው፣ ወዲያውም ነው የወጣው። ከገለባው የሚወርደውን እዩ ደግሞ፣ ጠብ ጠብ፣ ቀለሙም ስስ ሻይ። መጠኑም ያንሳል። የቀረው የት ሄደ? አፈሩ ውስጥ። የዝናብ ጠብታ ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ እንደ መዶሻ ነው፣ ዱቄቱን እየመታ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል። ጤፍ ዘርታችሁ ቅርፊት ሰብሮ መውጣት ያቃተው ቡቃያ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ገለባው የሚሠራው ይሄን ምት መቀበል ነው። ከዚያ ፀሐይዋን ይከልላል። በቃ፣ አስማት የለውም።

አመሰግናለሁ ልጄ፣ ተቀመጥ። ብርጭቆዎቹ እዚያው ይሁኑ።

እስካሁን የምናገረው እንደ ማስታወቂያ ሳይመስላችሁ አይቀርም። ስለዚህ ስለ ውርደቴ ልንገራችሁ።

በ1998 ዓ.ም. ከግብርና ኮሌጅ ወጥቼ አንድ የራያ ቆላ ቀበሌ ተመደብኩ። ደረቴ ተነፍቷል፣ ሰርተፊኬቴ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ብዙም ሳይቆይ ከበላይ መጣ፣ «በየቀበሌው ይህን ያህል ዕቀባ እርሻ ይሠራ፣ ሪፖርት ይቅረብ»። የተባልኩትን ያዝኩና አንድ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። የተከበሩ፣ ጠንካራ አራሽ፣ ሰው የሚሰማቸው። ለምኜ ለምኜ አንድ ጥማድ ፈቀዱልኝ። አታርሱ አልኳቸው። አላረሱም። ፀረ አረም ረጨሁ፣ በመስመር ማሽላ ዘራን። አገዳው እዚያው ይቅር ብዬ ነበር፣ ግን ጥር ላይ የሰፈሩ ከብት በሙሉ ገብቶ ግጦ ግጦ ሙልጭ አድርጎታል። በኔ ቤት ምንም አይደለም፣ ዋናው አለማረሱ ነው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰርዶው ተነሳ። የረጨሁት መድኃኒት ላዩን አቃጠለው እንጂ ሥሩን አልነካውም። መሬቱ ባዶ ስለሆነ ዝናቡ ሲመታው ደረቀ፣ ያልታረሰ ስለሆነ ደግሞ ውሃ አልጠጣም አለ። የጎረቤት ማሽላ ወገብ ሲደርስ የኔ ጉልበት አልሞላም። አቀንጭራውም፣ ያ የማሽላ ሥር የሚመጠው አረም፣ አልማረኝም። ነሐሴ ላይ ጋሼ ማሳው ዳር ቆመው አሻግረው አዩኝና «ልጄ፣ ዕቀባ ዕቀባ ያልከው ማዕቀብ ነው እንዴ? መሬቴ ላይ ማዕቀብ ጣልክበት!» አሉኝ።

ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ዓመቱን ሙሉ ስሜ «ማዕቀብ» ሆነ። ገበያ ስወጣ ሕፃናቱ «ማዕቀብ መጣ!» ይላሉ። ሪፖርቱ ላይ ግን ምን ተጻፈ? «በተሳካ ሁኔታ ተከናውኗል»። ዲኤዎች አትሳቁ፣ ታውቁታላችሁ።

ያኔ ያልገባኝ በኋላ ቁጥር ሆኖ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። ከ63 አገሮች 610 ጥናቶችን ሰብስበው፣ በ48 ሰብሎች ላይ ከ5,400 በላይ ንጽጽሮችን አንድ ላይ አዩ። ታርሶ የተዘራና ሳይታረስ የተዘራ፣ ጎን ለጎን። ውጤቱ? አለማረስ በጥቅሉ ሲታይ ምርት ይቀንሳል። አዎ፣ ይቀንሳል! ከገለባውና ከማፈራረቁ ጋር ሲሆን ኪሳራው ይጠባል። ከዚያ ደግሞ ልብ በሉልኝ፣ ደረቅ በሆነ፣ በዝናብ ብቻ በሚታረስ አካባቢ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ምርቱ 7.3 በመቶ ጨመረ። ሃያ ኩንታል ታወጡ ከነበረ አንድ ኩንታል ተኩል ገደማ ማለት ነው። ሰማይ የሚያስነካ አይደለም። ግን ድምሩ ከቅናሽ ወደ ጭማሪ የተገለበጠው በየት ነው? እንደኛ ባለ ቦታ ነው።

እኔ ታዲያ ምን ነበር ያደረግኩት? ከሦስቱ አንዱን ብቻ። ያውም የሚጎዳውን።

ሌላም ልጨምር። ምዕራብ ሸዋ ጋሬ አሬራ በሚባል ቦታ በጤፍ ላይ የተሠራ ሙከራ አለ። ቀዩ አፈር ላይ ያልታረሰውም፣ አንዴ የታረሰውም፣ ደጋግሞ የታረሰውም ተቀራራቢ ሰጡ። መረሬው፣ ውሃ የሚይዘው ጥቁር አፈር ላይ ግን ጭራሽ ያልታረሰው ዝቅተኛውን አመጣ፣ አንዴ የታረሰው ደግሞ ከብዙ ጊዜው አላነሰም። ስለዚህ መረሬ አፈር ያላችሁ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ማሳ ያላችሁ፣ እዚያ ላይ ጭራሽ አታርሱ የሚላችሁ ዲኤ ቢመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። እዚያ ችግሩ የውሃ እጥረት ሳይሆን የውሃ ብዛት ነው፣ ማጠንፈፍ ነው የሚያስፈልገው። ግን ከአምስቱ እርሻ ሦስቱ ምን ይሠሩ ነበር? እሱን ከበሬያችሁ ጋር ተማከሩበት።

በሬ ካልን፣ ስለ በሬ አለማውራት አይቻልም። ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት ሁለት በሬ ያላችሁ እጅ አውጡ። … አንድ ያላችሁ? … ምንም የሌላችሁ? እንግዲህ እዩት። በድርቅም በጦርነቱም ስንቱ በሬውን አጣ። አንድ ያለው መቀናጆ ይገባል፣ የሌለው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል ወይም የሰው በሬ እስኪፈታ ይጠብቃል። ዝናብ ግን አይጠብቅም! የመጀመሪያዋ ርጥበት መጥታ ሄዳ፣ ተራ ደርሶት ሲዘራ አሥር ቀን፣ አሥራ አምስት ቀን አልፏል። ቆላ ላይ አሥራ አምስት ቀን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ደጋሊትና ጅጉርቲ፣ ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚወስዱት ማሽላዎቻችን፣ ሚያዝያን ካመለጡ አለቀ፣ ወደ አጭር ዘር ወይ ወደ ጤፍ ነው።

ይሄን ያስተማረችኝ አንዲት እናት ናት። ባሏ ሞቶባታል፣ በሬ የላትም፣ መሬቷን በየዓመቱ ለእኩል ትሰጥ ነበር። በሦስተኛው ዓመቴ፣ ማዕቀብ የሚለው ስም ትንሽ ሲበርድልኝ፣ ራሷ ጠራችኝ። «ያንን ያለበሬ የሚዘራውን አሳየኝ፣ እኔ እንደሆን የሚስቅብኝ ባል የለኝም» አለችኝ። ከቤቷ ጀርባ አንድ ጥማድ። በእሾህ አጠረችው፣ ከብት እንዳይገባ። አገዳውን አጭዳ እዚያው አነጠፈችው። ከልጆቿ ጋር በዶማ ጉድጓድ ጉድጓድ ቆፍራ፣ በየጉድጓዱ እፍኝ ፍግ ጨምራ፣ ዝናቡ በጣለ በማግስቱ ዘራች። በማግስቱ! ሌላው በሬ ሲፈልግ የሷ በቅሏል። በመሀሉ ቦሎቄ ሰገሰገችበት።

ብቻ መጀመሪያ ማሽላው ቢጫ ሆነ። ሰኔ ላይ ጠራችኝና ቅጠሉን እያገላበጠች «ይሄ የጉበት በሽታ ነው?» አለችኝ። የጋሼ ነገር ትዝ አለኝ፣ ላብ አጠመቀኝ። እዚህ ላይ ዲኤዎች እስክሪብቶ አውጡ። ደረቅ አገዳ አፈር ላይ ሲበሰብስ፣ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ነፍሳት ለራሳቸው ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፣ ከየት ያመጣሉ? ከአፈሩ። ሰብላችሁ ምሳውን ተቀማ ማለት ነው። ለጊዜው ነው፣ በኋላ ይመልሱታል፣ ግን ቡቃያ በኋላን አያውቅም። ትንሽ ዩሪያ ወይም ፍግ ከሥሩ ጠጋ ማድረግ ነው። አደረገች። በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ሆነ።

በዚያ ዓመት ነሐሴ መሀል ላይ ዝናቡ ድርግም አለ። ሌላው ማሽላ ቅጠሉን እንደ ትምባሆ ጠቅልሎ ቆመ። የሷን ማሳ አንድ ጠዋት ሄጄ አገዳውን በእጄ ገለጥ አደረግኩት። ከሥሩ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ። አፈሩን ጨበጥኩት፣ ጭብጥ አለ። ትል ወጣበት! ሃያ እርምጃ ተራምጄ የጎረቤቷን ስጨብጥ በጣቶቼ መሀል ፈሰሰ። ከሷ ጥማድ አራት ጆንያ ወጣ፣ ቦሎቄውን ሳይጨምር። ከአጥሩ ማዶ አንድ ሙሉ ጆንያ ያገኘ የለም። ጋሼም መጥተው አይተዋል። ምንም አላሉም። አገዳውን በምርኩዛቸው ነካ ነካ አድርገው ሄዱ።

ግን አልዋሻችሁም። በ2007 ክረምት፣ ያ የኤልኒኖው ዓመት፣ በዓመቱ በ2008 ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ የጠበቀበት፣ ያን ጊዜ የሷም አልዳነም። ጉዝጓዝ የመጣውን ዝናብ ያቆያል እንጂ ያልመጣውን አያመጣም። ይሄን ሳትነግሩት ገበሬ ጋር ከሄዳችሁ አንድ ዓመት ታታልሉታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ እውነት ብትነግሩትም አይሰማችሁም።

አሁን የከበደው ጋ ደረስን። አገዳው! «አገዳውን ተው» ማለት ለኔ ቀላል ነው፣ ላም የለኝም። ለእናንተ ግን አገዳ መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው፣ የጎጆ ጣሪያ ነው፣ ሲቸግር ገንዘብ ነው። ብራዚል ይሄን ነገር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲያስፋፋ ዝናቡም ትራክተሩም መድኃኒቱም ነበረው፣ ገለባውን ከላም ጋር አይሻማም። የኛ ሂሳብ ሌላ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ተዉ አልልም። የመሬቱ ሲሶ ያህል ከተሸፈነ ይበቃል፣ መስፈርቱም ይሄው ነው። ከላይ ያለውን ለስላሳውን ለከብት፣ ከታች ያለውን ወፍራሙን ከጉልበት በታች ቆርጣችሁ ለመሬት። ላምም ከታችኛው አገዳ ብዙ አታተርፍም፣ ራሷ ትመሰክራለች። በማሽላው መሀል ላብላብ የሚባለው የመኖ ጥራጥሬ ከገባ ደግሞ እሱ መኖም ነው፣ ሽፋንም ነው፣ ናይትሮጅንም ነው።

ከብቱ ልቅ እስከሆነ ድረስ ግን ሁሉም ወሬ ነው። አንድ ሰው ብቻውን አገዳ ቢተው ለሰፈሩ ከብት ድግስ ደገሰ ማለት ነው። ይሄ የዲኤ ሥራ አይደለም፣ የናንተ የሽማግሌዎቹ ነው። ኮንሶ ሂዱ። እርከናቸው እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል፣ ሁሉም ድንጋዩን ፎቶ ያነሳል። እኔን የገረመኝ ከብቱ ነው፣ ቤት ታስሮ ይቀለባል፣ እርከን ላይ አይለቀቅም። የማሽላው አገዳ እርከኑ ላይ ይቀራል፣ ፍጉ በሰው ጀርባ ተመልሶ ማሳ ይወጣል። ማንም ፕሮጀክት አላስተማራቸውም። ትግራይም ብትሄዱ ጤፍ ዘርተው በየአንድ ተኩል በየሁለት ሜትሩ ውሃ የሚይዝ ትልም ያወጣሉ፣ ትርዋህ ይሉታል። ተመራማሪዎች እሱኑ ወስደው፣ ቋሚ መደብ አድርገው፣ ገለባ ጨምረውበት ሲሞክሩት ጎርፉም የሚሄደው አፈርም በጣም ቀነሰ፣ ስንዴውም ከጥቂት ዓመት በኋላ የተሻለ ሰጠ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት አይደለም! እኛስ ሽልሻሎ፣ በበቀለው ማሽላ መሀል በማረሻ መግባት፣ አለን አይደል? ሽልሻሎ ስትገቡ ትልሙን በየመሀሉ ቋጠር ቋጠር ብታደርጉት ውሃው ይቆማል። አዲስ ዕቃ አያስፈልግም።

ስለ ፀረ አረም አንድ ነገር ብዬ ላብቃ፣ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ግላይፎሴት አልጠላም፣ ለጀማሪ ያግዛል። ግን በባዶ እጁ ሲበጠብጥ፣ የተረፈውን ወንዝ ላይ ሲያጥብ ያየሁት ገበሬ ብዛቱ ያስፈራኛል። አንዳንዱ መያዣውን አጥቦ ጠላ ይጠጣበታል። ጠላ! እባካችሁ። ሽፋኑ ሲወፍር አረሙ ራሱ ይቀንሳል፣ ጊዜ ስጡት። እስከዚያ ቤተሰቡ ገብቶ ይንቀል።

ለመጀመር ከአንድ ጥማድ አትበልጡ። የቀረውን እንደለመዳችሁት እረሱ። ጎን ለጎን ይሁን፣ አጥር ይኑረው፣ ሦስቱም ነገር ይሟላ። የመጀመሪያውን ዓመት ቢጫ ብታዩ አትደንግጡ፣ ዲኤውን ጥሩት፣ ካልመጣ ስልኬን ለሰብሳቢው ሰጥቻለሁ።

አባባ፣ በሁለት ቃል ብዬ ይሄን ሁሉ ወሰድኩብዎት፣ ይቅርታ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን፣ ከኋላ እጅ አያለሁ፣ ቆይ ማይኩ ይድረስህ። እና እባካችሁ፣ ምሳ ስትወጡ ሃይላንዶቹን ማንም እንዳይደፋብኝ፣ ከሰዓት ለሁለተኛው ቡድን እፈልጋቸዋለሁ።